እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፦ ለሚያሳክክ ቆዳ የተሸጠው የባክቴሪያ እንክብል ታሪክ

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ እንበል። ብዙ ግን አንርቅም። የምናወራው ስለ ተስፋ፣ ስለ ገበያ እና ስለ ማስረጃ ነው። ሦስቱ አንድ ቦታ ሲገናኙ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው እያነከሰ እንደሚከተል ማወቅ ለአገር ጉዳይም ለጤናም ይጠቅማል።

ልጁ ኤክዚማ ያለበት ወላጅ ሌሊቱን ያውቀዋል። ሕፃኑ ይፎክታል፤ ቆዳው ይደማል፤ አንሶላው ላይ ነጠብጣብ ይታያል። እናት እጁን ይዛ ታድራለች። ጠዋት ላይ አንዱ ዘመድ "ሳሙናውን ቀይሪ" ይላል፤ ሌላዋ "ወተት አቁሚበት" ትላለች፤ ሦስተኛው ደግሞ ከውጭ አገር ደውሎ "አንድ ነገር ልላክልሽ፤ እዚህ ሁሉም ለልጆቹ የሚሰጠው ነው" ይላል። የሚላከው ብልቃጥ ፕሮባዮቲክ ነው፦ በውስጡ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕያው ባክቴሪያዎች ያሉበት እንክብል፣ ዱቄት ወይም ጠብታ።

ባክቴሪያ እየዋጡ ቆዳን ማዳን የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ማን ሞከረው? ውጤቱስ ምን ሆነ? ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ ከፓሪስ ተነሥቶ ፊንላንድ ይደርሳል፤ በመካከሉም ጅማን ይነካል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

፩. በሽታውና ቅባቱ

"ኤክዚማ" የግሪክኛ ቃል ሲሆን "ፈልቶ መውጣት" እንደማለት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የአሚዳው ሐኪም አኤቲዎስ በጽሑፉ ተጠቅሞበታል። በአማርኛ ችፌ እንለዋለን። በሕፃናት ላይ የሚበዛውና ከአስምና ከአለርጂ ጋር በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚዘዋወረው ዓይነት "አቶፒክ ደርማታይተስ" የሚለውን የሕክምና ስም ያገኘው በ1933 ነው፤ ስሙን ያወጡት ዋይዝ እና ሰልዝበርገር የተባሉ አሜሪካውያን የቆዳ ሐኪሞች ናቸው። የሕክምና መጻሕፍት "ቆዳው ይቀላል" ብለው ይገልጹታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ብዙም አይታይም፤ መጥቆር፣ ግራጫ መምሰል፣ መሻከርና መወፈር ይበልጥ ይጎላል።

ይኸው ሰልዝበርገር በ1952 ከባልደረባው ዊተን ጋር ሆኖ ሃይድሮኮርቲዞን በቅባት መልክ ሲቀባ የቆዳ መቆጣትን እንደሚያበርድ አሳተመ። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞች የነበራቸው ሬንጅ ነክ ቅባት፣ ፋሻና ምክር ነበር። የስቴሮይድ ቅባት መምጣት ለታማሚዎች ትልቅ እፎይታ ሆነ።

ነገር ግን ቅባቱ ያስታግሣል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም። ሲያቆሙት ይመለሳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ፣ ጠንካራው ዓይነት፣ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። በእኛ አገር ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ፊት ለማቅላት ሲሸጡና ሴቶችን ሲጎዱ ስላየን "ስቴሮይድ" የሚለውን ቃል ስንሰማ ደንገጥ እንላለን። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በሐኪም ትእዛዝ ለሕፃን የሚሰጠው ለስላሳ ቅባትና ለፊት ማቅያ የሚሸጠው ጠንካራ ቅባት ግን አንድ አይደሉም።

እንግዲህ የተስፋው ገበያ የቆመበት ክፍተት ይህ ነው፦ የማያድን መድኃኒት፣ መድኃኒቱን የሚፈራ ወላጅ እና እንቅልፍ ያጣ ልጅ። "ተፈጥሯዊ ነው፤ ከውስጥ ነው የሚያድነው" የሚል ማንኛውም ነገር እዚህ ክፍተት ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል።

፪. ፓሪስ፣ እርጎ እና ረጅም ዕድሜ

ሐሳቡ የተወለደው በፓስተር ተቋም ነው። ኤሊ ሜችኒኮፍ በ1845 በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አካባቢ የተወለደ ተመራማሪ ነው። የሰውነታችን ሴሎች ወራሪ ተሕዋስያንን ውጠው እንደሚያጠፉ በማሳየቱ በ1908 ከጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ይህ የጸና ሥራው ነው።

በስተርጅና ዘመኑ ግን ሌላ ጥያቄ ያዘው፦ ሰው ለምን ያረጃል? መልሱ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያለ ይመስለው ነበር። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ምግብን እያበሰበሱ መርዝ ያመነጫሉ፤ መርዙ ሰውነትን ያስረጃል፤ ወተት የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ በአሲዳቸው ይህን ብስባሴ ይገታሉ አለ። ለማስረጃ የጠቀሰው እርጎ የሚያዘወትሩትንና ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ የተባለላቸውን የቡልጋሪያ ገበሬዎች ነው። ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ የሕክምና ተማሪ በ1905 ጄኔቫ ላይ ከአገሩ እርጎ ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ ማውጣቱ ነገሩን አጠናከረው።

ሜችኒኮፍ በ1904 ፓሪስ ላይ ስለ እርጅና ያቀረበው ንግግር በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም። ሳይንቲስቱ "ሊሆን ይችላል" አለ፤ ገበያው "ሆኗል" ብሎ ሰማው። የእርጎ ባክቴሪያ በጽላትና በዱቄት ተዘጋጅቶ በመድኃኒት ቤት ይሸጥ ጀመር። በ1919 ይስሐቅ ካራሶ የተባለ ነጋዴ ባርሴሎና ውስጥ እርጎ ማምረት ጀመረና በልጁ በዳንኤል ስም "ዳኖን" አለው። የመጀመሪያው መሸጫውም መድኃኒት ቤት ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ የምግብ ኩባንያዎች አንዱ የተነሣው እንዲህ ነው።

ሜችኒኮፍ ራሱ እርጎውን በየቀኑ ይጠጣ ነበር፤ በ1916 በ71 ዓመቱ አረፈ። የአንድ ሰው ዕድሜ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ አይሆንም። ይልቅ የሚያስተምረው ቀጥሎ የመጣው ነው። በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሊዮ ሬትገር እና ባልደረቦቹ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቡልጋሪያው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ እንደማይሰፍር አሳዩ። ዜናው ግን እንደ መጀመሪያው ንግግር አገር አላዳረሰም። ማስተባበያ እንደ ተስፋ አይሮጥም።

ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፦ ማራኪ ሐሳብ፣ ቀጥሎ ሱቅ፣ ቀጥሎ ዝግ ብሎ የሚመጣ ምርመራ። ከመቶ ዓመት በኋላ በቆዳ ላይ ይደገማል።

፫. "ንጽሕናው በዛ" የሚለው መላ ምት

አንጀትና ቆዳን በአለርጂ በኩል ያገናኘው ድልድይ የተሠራው በለንደን ነው። በ1989 ዴቪድ ስትራካን የተባለ የወረርሽኝ ጥናት ባለሙያ በ1958 የተወለዱ 17,414 እንግሊዛውያንን መረጃ መረመረ። ታላላቅ ወንድምና እኅት የበዛለት ልጅ የአፍንጫ አለርጂ ያን ያህል አያጠቃውም። በሕፃንነቱ የሚታየው ኤክዚማም እንደዚሁ ቀነስ ይላል። ስትራካን እንዲህ ብሎ ጠረጠረ፦ በልጅነት ከታላላቆች የሚጋባው ኢንፌክሽን በሽታ ተከላካዩን ሥርዓት ያሠለጥነው ይሆን? ቤተሰብ ሲያንስና ቤት ሲጸዳ ሥልጠናው ቀረ፤ ሥራ ያጣው ሠራዊትም በአቧራና በወተት ላይ ይተኩስ ጀመር።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ይገባል። በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ጅማ ከተማንና በዙሪያዋ ያለውን ገጠር አነጻጽሮ አስም በከተማ እንደሚበዛና በገጠር እጅግ አነስተኛ እንደሆነ አሳየ። ለብዙ ተመራማሪዎች ይህ "ገጠር ይጠብቃል፤ ከተማ ያሳምማል" የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ ነበር።

ኤክዚማ ግን ለዚህ ቀላል ተረት አልታዘዘም። የሕፃናትን አስምና አለርጂ በዓለም ዙሪያ የመረመረው ግዙፍ ጥናት ከ6 እስከ 7 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ያገኘው ዝቅተኛ የኤክዚማ ቁጥር በሕንድ ጆድፑር 0.9 በመቶ፣ ከፍተኛው ደግሞ በኢኳዶር ኪቶ 22.5 በመቶ ነው። ኪቶ ከለንደን አትበለጽግም። በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ከተሞች የታየው ከፍተኛ ቁጥር ኤክዚማ የሀብታም አገር የንጽሕና ቅንጦት ብቻ እንዳልሆነ በግልጽ ተናገረ።

ቢሆንም መላ ምቱ ክንፍ አውጥቶ ነበር። ሕፃኑ የጎደለው ባክቴሪያ ከሆነ ባክቴሪያ እንስጠው! ጥያቄው የቱን ባክቴሪያ፣ ለማን እና መቼ የሚል ብቻ ሆኖ ቀረ።

፬. ቱርኩ፣ 2001

መልስ የሰጠች የመሰለችው ከተማ በደቡብ ምዕራብ ፊንላንድ የምትገኘው ቱርኩ ናት።

ፊንላንዶች ባክቴሪያውን ከአሜሪካ ነው ያገኙት። ሸርዉድ ጎርባክ እና ባሪ ጎልዲን በ1980ዎቹ በቦስተን ከጤነኛ ሰው አንጀት ለይተው አወጡትና በሁለቱ የአባት ስም መጀመሪያ ፊደላት "ጂጂ" ተባለ፤ ሙሉ ስሙ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ነው። የፊንላንዱ የወተት ኩባንያ ቫልዮ ፈቃድ ገዝቶ በ1990 ባክቴሪያው ያለበትን ጌፊሉስ የተባለ ምርት ለገበያ አወጣ። ልብ በሉ፦ ስለ ኤክዚማ ትልቁ ጥናት ከመታተሙ 11 ዓመት ቀድሞ ምርቱ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ጥናቱን የመሩት ማርኮ ካሊዮማኪ እና ኤሪካ ኢሶላውሪ ናቸው። በቤተሰባቸው አለርጂ ያለባቸውን 159 ነፍሰ ጡሮች መዘገቡ። በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ከመውለዳቸው በፊት ለጥቂት ሳምንታት ባክቴሪያው ያለበትን እንክብል፣ ግማሾቹ ምንም የሌለበትን ተመሳሳይ እንክብል ዋጡ። ከወሊድ በኋላም ለስድስት ወር፣ ወይ የምታጠባው እናት ወይ ሕፃኑ ወሰደ። ማን የትኛውን እንደወሰደ እናቶቹም ሐኪሞቹም አያውቁም።

ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው 132ቱ ተመረመሩ። ባዶውን እንክብል ከወሰዱት 68 ውስጥ 31 ልጆች፣ ማለትም 46 በመቶ ኤክዚማ ነበረባቸው። ባክቴሪያውን ከወሰዱት 64 ውስጥ ግን 15 ብቻ፣ ማለትም 23 በመቶ። በግማሽ ቀነሰ! በአራት ዓመታቸው ሲመረመሩም ልዩነቱ አልጠፋም።

ይህ የተጭበረበረ ጥናት አይደለም። በጥንቃቄ የተሠራ፣ ዕጣ ያለው፣ መሸፈኛ ያለው ሥራ ነው። በዚያ ዘመን ያነበበው ሐኪም ሁሉ ቢደነቅ አይፈረድበትም።

ግን በውስጡ ሁለት ነገር ነበር፤ ዜናው ዘለላቸው። አንደኛ፣ ኤክዚማው ቢቀንስም በደምና በቆዳ ምርመራ የሚለካው የአለርጂ ምልክት በሁለቱ ወገን ልዩነት አላሳየም። "በሽታ ተከላካዩን ስላሠለጠነ ነው" የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ ይሰናከላል። ሁለተኛና ዋናው ደግሞ ይህ ነው፦ ጥናቱ ስለ መከላከል እንጂ ስለ ማከም አልነበረም። ባክቴሪያው የተሰጠው ገና ላልታመመ ልጅ ነው። የተጠየቀው "እንዳይዘው ያደርጋል ወይ?" ተብሎ ነው። ብልቃጡን የሚገዛው ወላጅ ግን ልጁ ቀድሞ የታመመበት ነው፤ የእርሱ ጥያቄ "ይሻለዋል ወይ?" የሚል ነው። ለቤት ጠባቂ ውሻ መግዛትና ሌባ ከገባ በኋላ ውሻ መግዛት አንድ አይደለም። ገበያው ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ብልቃጥ ውስጥ ቀላቅሎ ሸጠ።

፭. እውነት እያደር ሲጠራ

የሳይንስ ደግነቱ አንድ ሰው ያገኘውን ሌላው እንዲደግመው መጠየቁ ነው። በጀርመን የፍራይቡርግ ተመራማሪዎች ያንኑ ባክቴሪያ፣ በዚያው መጠን፣ በተመሳሳይ ዓይነት ቤተሰቦች ላይ ሞከሩት። ውጤቱ በ2008 ታተመ። ባክቴሪያውን ከወሰዱት ልጆች 28 በመቶ፣ ካልወሰዱት 27.3 በመቶ ኤክዚማ ያዛቸው። ልዩነት የለም። እንዲያውም ደጋግሞ የሚመጣ የደረት ማፏጨት ባክቴሪያውን በወሰዱት ላይ በዝቶ ተገኘ።

ቱርኩ በግማሽ ቀነሰ አለች፤ ፍራይቡርግ ምንም የለም አለች። ማንን እንመን? መልሱ ሁለቱንም አለመምረጥ ነው። ሁሉንም ጥናት ሰብስቦ በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራ ኮክሬን የሚባል ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ኅብረት አለ።

ኮክሬን የወላጁን ጥያቄ፣ ማለትም ሕክምናን በተመለከተ በ2008 አሥራ ሁለት ጥናቶችን ደምሮ ፕሮባዮቲክ ለኤክዚማ ሕክምና እንደማይሠራ ደመደመ። ከአሥር ዓመት በኋላ በ2018 በ39 ጥናቶችና በ2,599 ታማሚዎች ላይ ተመሥርቶ ጉዳዩን እንደገና አየው። ታማሚዎቹና ወላጆቹ ራሳቸው በሚናገሩት የማሳከክና የእንቅልፍ ምልክት ላይ ፕሮባዮቲክ የሚያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል እንዳልሆነ አገኘ። ሐኪሞች በሚጠቀሙበት እስከ 103 በሚቆጥር የክብደት መለኪያ ላይ ግን በአማካይ ወደ 4 ነጥብ የሚጠጋ መቀነስ ታየ። ከ103 አራት! ታማሚው ለውጥ ተሰማኝ ለማለት የሚያስፈልገው ከዚህ እጥፍ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ልዩነት አለ፤ በሌሊቱ እንቅልፍ ላይ ግን የለም።

ሚዛናዊ እንሁን። በመከላከል በኩል በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ብዙ ጥናቶችን የደመሩ ትንታኔዎች በእርግዝና መጨረሻና በሕፃንነት መጀመሪያ ሲሰጥ የኤክዚማን ዕድል በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል ያሳያሉ። የዓለም የአለርጂ ድርጅትም በ2015 ልጃቸው የመታመም ዕድሉ ከፍ ላለ እናቶች ቢታሰብበት ብሏል፤ ማስረጃው ግን እጅግ ደካማ መሆኑን በዚያው ጽፎታል። "ቢታሰብበት፤ ማስረጃው ደካማ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ብልቃጥ ላይ ሲደርስ ሁለተኛው ግማሽ ተቆርጦ ይቀራል።

፮. ታዲያ ለምን "ለኔ ልጅ ሠራ" የሚሉ በዙ?

ይህን የሚሉ ወላጆች ውሸታሞች አይደሉም። ያዩትን ነው የሚናገሩት። ግን ኤክዚማ ራሱ አታላይ በሽታ ነው። ይነሣል፤ ይተኛል። ወላጅ ብልቃጥ የሚገዛው በሽታው ሲተኛ ሳይሆን ሲብስ ነው። የባሰ ነገር ደግሞ ቀጥሎ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሻል ነው። በዚያ መካከል የተሰጠው ነገር፣ እንክብልም ይሁን ጠበል ወይም አዲስ ሳሙና፣ ምስጋናውን ይወስዳል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ በሽታው ይለቃቸዋል ወይም ይቀልላቸዋል። ጊዜ የሠራውን ብልቃጥ ይኩራራበታል።

ለዚህ ነው ባዶ እንክብል የሚወስድ ሁለተኛ ወገን የሚያስፈልገው። ባዶውን የወሰዱትም ተሻላቸው። ጥያቄው "ተሻለው ወይ?" አይደለም፤ "ባዶውን ከወሰደው ይበልጥ ተሻለው ወይ?" ነው።

ሌላው ችግር ስሙ ነው። "ፕሮባዮቲክ" የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች በ2001 የሰጡት ትርጉም "በበቂ መጠን ሲሰጡ ለተቀባዩ የጤና ጥቅም የሚያስገኙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን" የሚል ነው። ውሻና ተኩላ አንድ ዝርያ ናቸው፤ በግ ስታስጠብቁ ግን አታምታቷቸውም። በባክቴሪያም ከዝርያው በታች ያለው ዘር ልዩነት ያመጣል። ቱርኩ ላይ የተሞከረው አንድ ዘር ነው። ብልቃጡ ላይ የሰፈሩት አሥር የባክቴሪያ ስሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለኤክዚማ አንድም ቀን አልተሞከሩም።

፯. በሽታው ሌላ በር ነበረው

ሁሉም ዓይኑን አንጀት ላይ ተክሎ ሳለ በ2006 በስኮትላንድ ደንዲ የአርዊን ማክሊን ቡድን ሌላ በር ከፈተ። የላይኛውን ቆዳ እንደ ግድግዳ አጥብቆ የሚይዝ ፊላግሪን የተባለ ፕሮቲን አለ። ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የተበላሸባቸው ሰዎች ለኤክዚማ በእጅጉ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ግድግዳው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይወጣል፤ የሚያስቆጣ ነገር ይገባል።

ለአውሮፓውያን ትልቅ መልስ ነበር። ለእኛስ? በ2011 የታተመ ጥናት ኤክዚማ ባለባቸው ኢትዮጵያውያን ላይ እነዚያን የአውሮፓ የዘረመል ለውጦች ፈልጎ አላገኛቸውም፤ ያገኘው ቀድሞ ያልታወቀ አንድ አዲስ ለውጥ ብቻ ነበር። ይህች ትንሽ ግኝት ትልቅ ትምህርት አላት። በሽታው ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መንገዱ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በፊንላንድ ሕፃናት ላይ የተገኘ ውጤት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ላይ ያለ ምርመራ ይሠራል ማለት አይቻልም።

የቆዳ ግድግዳ ሐሳብም ከፈተና አላመለጠም። በእንግሊዝ በ1,394 ሕፃናት ላይ ከተወለዱ ጀምሮ በየቀኑ ማለስለሻ ቅባት መቀባት ኤክዚማን ይከላከል እንደሆነ ተሞከረ። በ2020 የወጣው ውጤት አይከላከልም የሚል ነው። ማለስለሻው ለታመመ ቆዳ ይጠቅማል፤ ጤነኛውን ግን ከበሽታው አላዳነም። ባለ እንክብሉም ባለ ቅባቱም በአንድ ሚዛን ተለኩ። ፍትሕ ማለት ይህ ነው።

፰. "ቢያንስ አይጎዳም"

ብዙ ጊዜ የምሰማው የመጨረሻ መከራከሪያ ይህ ነው። ለጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ለሁሉም ግን አይደለም። በኔዘርላንድ ተሠርቶ በ2008 የታተመ ጥናት በከባድ የቆሽት መቆጣት ሆስፒታል ለገቡ ሰዎች ፕሮባዮቲክ ሰጠ፤ ከወሰዱት 152 ሰዎች 24፣ ካልወሰዱት 144 ደግሞ 9 ሞቱ። በ2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይደርሳቸው ለተወለዱ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ መስጠት ለሕይወት የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሊያመጣ እንደሚችል ለሐኪሞች አስጠንቅቋል። ሕያው ባክቴሪያ ሕያው ነው፤ መከላከያው የደከመ ሰውነት ውስጥ እንግድነቱን ሊረሳ ይችላል።

ለአብዛኛው ወላጅ ትልቁ ጉዳት ግን ይህ አይደለም። ጉዳቱ የሚተካው ነገር ነው። ብልቃጡ ስለመጣ የሐኪሙ ቅባት ይቆማል። ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በቁስሉ ኢንፌክሽን ይገባል። ለብልቃጡ የወጣው ብር ለወራት ማለስለሻ ቅባት በበቃ ነበር። ከውጭ የላከው ወንድም በፍቅር ነው የላከው፤ ፍቅሩን እንቀበል፤ ገንዘቡን ግን ለሚሠራው ነገር እናድርገው።

"ታዲያ የእኛ እርጎስ?" የሚል አይጠፋም። እርጎ ግሩም ምግብ ነው፤ ለኤክዚማ መድኃኒትነቱ ግን አልታየም። እንጀራም በእርሾ ይቡካል፤ ምጣዱ ላይ ሲወጣ ግን ባክቴሪያው በሙቀት ያልቃል። ባልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ ደግሞ እንደ ብሩሴላ ያለ በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል "ተፈጥሯዊ ነው" ብሎ ለሕፃን መስጠት አደጋ አለው። የአገራችንን ምግብ ለማክበር መድኃኒት ነው ማለት አያስፈልገንም።

፱. ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

የዚህ ታሪክ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ሜችኒኮፍ ታላቅ ሳይንቲስት ነበር። የቱርኩ ተመራማሪዎች ሐቀኛ ሥራ ሠሩ። ወላጆች ልጃቸውን ወደዱ። ችግሩ የፍጥነት ነው። ተስፋ በአንድ ጥናት ይነሣል፤ ገበያ ከጥናቱም ቀድሞ ሱቅ ይከፍታል፤ መልሱ ግን ሃያ ዓመት ይፈጃል። መልሱ ሲመጣም ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ማስታወቂያ የሚከፍልለት የለምና።

ስለዚህ ብልቃጥ ሲቀርብላችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ባክቴሪያ የተሞከረው ለመከላከል ነው ወይስ ለማከም? የትኛው ዘር ነው፤ ለኤክዚማስ ተሞክሯል ወይ? ከባዶ እንክብል ጋር ተነጻጽሯል ወይ? ይህን ስገዛ የትኛውን የሚሠራ ነገር እያቆምኩ ነው? ለአራቱ መልስ የሌለው ሻጭ የሚሸጠው ተስፋ ነው።

ልጃችሁ ዛሬ ሌሊት የሚፎክት ከሆነ የሚያስታግሡት ነገሮች አሰልቺና አሮጌ ናቸው፦ ከመታጠብ በኋላ ወዲያው የሚቀባ ማለስለሻ፣ የማያደርቅ ሳሙና፣ አጭር ጥፍር፣ ሐኪሙ ባዘዘው መጠንና ጊዜ የሚቀባ ቅባት። ማንም ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሻንጣ አይልካቸውም። ግን ተሞክረዋል፤ ያስታግሣሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። የዚህ ጉዳይ ንጋት ሃያ ዓመት ፈጅቶ መጥቷል። ፀሐዩ ከወጣ በኋላ ግን ኩራዝ የሚሸጥልን ካለ መብታችን ነው፤ አንገዛም።

ቸር እንሰንብት።